ለካሊብሬሽን የምንከፍለው ለምኑ ነው?

ድሬዳዋ ላይ ታይዋን ገበያ ገብቶ ቴስተር፣ ማለትም ቮልት፣ ኦምና አምፔር የሚለካውን የእጅ መሣሪያ፣ መግዛት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ያንኑ ቴስተር ካሊብሬት ላስደርገው ያለ ሰው ግን ነገሩ ግራ ይገባዋል። የሚጠየቀው ዋጋ ዕቃው ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል። ያን ያህል ከፍሎ ደግሞ የሚረከበው አንዲት ስቲከርና ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ ቴስተሩ እንደ ሄደ ይመለሳል፣ አንድ ብሎን እንኳ አልተፈታም። "ታዲያ ምን ሠሩበት አቦ?" ቢል አይፈረድበትም።

የሠሩት ማወዳደር ነው። ላቦራቶሪው ልኩ የታወቀ 10 ቮልት ይሰጥና ቴስተሩ ስንት እንዳነበበ ይጽፋል፤ ከዚያ 1 ቮልት፣ 100 ቮልት፣ ኤሲ፣ ኦም፣ አምፔር እያለ ይቀጥላል። ከፍቶ ወደ ልኩ መመለስ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለብቻው ይከፈልበታል። እንዲያውም ደኅና ላቦራቶሪ፣ ንባቡ አምራቹ ካስቀመጠው የስህተት ወሰን ካልወጣ መሣሪያውን ባይነካው ይመርጣል። አምና 10.003፣ ዘንድሮ 10.004 ያነበበ መሣሪያ ጠባዩ ይታወቃል። በየዓመቱ የሚነካካ መሣሪያ ግን ወደየት እያዘነበለ እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ማስተካከል ግድ ከሆነ፣ ከመነካቱ በፊት ያነበበውም ከተነካ በኋላ ያነበበውም ወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል የመጀመሪያውን ነው የምወስደው፤ ባለፈው ዓመት በዚያ መሣሪያ የሠራሁት ሥራ ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ እሱ ነውና።

በርካሾቹ ቴስተሮች ውስጥ በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽዬ ተለዋዋጭ ሬዚስተር አለች። ቴስተሩን ከጎረቤት ቴስተር ጋር እያስተያዩ እሷን ማዞር በየጥገና ቤቱ የተለመደ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሁለቱን አስማምቷል፤ የትኛው ልክ እንደነበር ግን አሁንም አያውቅም። አሁን ሁለቱም አንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ስለዚህ ጥያቄው "ከማን ጋር ተወዳደረ?" ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ በርበሬ የምትመዝን ነጋዴ ሚዛኗን የምታሳምነው በኪሎዋ ነው፤ ያ ኪሎ ደግሞ በሌላ የተሻለ ኪሎ መፈተሽ አለበት፣ ያም በሌላ። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። የእጅ ቴስተር የሚወዳደረው ላቦራቶሪው ካለው ካሊብሬተር፣ ልኩ የታወቀ ቮልትና ኦም ከሚሰጥ መሣሪያ፣ ጋር ነው፤ ካሊብሬተሩ ከላይ ካለ የተሻለ መለኪያ ጋር፤ እያለ እስከ ብሔራዊው ልክ ይወጣል። የቮልት ጫፍ ላይ የተቀመጠው ጆሴፍሰን ኢፌክት የሚባለው ነገር ነው፦ በ1962 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ የተተነበየ፣ በጣም በቀዘቀዘ ሱፐርኮንዳክተር ላይ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅ ቮልቴጁ ከማይክሮዌቩ ፍሪኩዌንሲ ጋር በቋሚ ቁጥር የሚተሳሰርበት ክስተት። ለኦም ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. የተገኘው የኳንተም ሆል ኢፌክት አለ፤ እሱም የትም አገር ቢሠራ 25,812.807 ኦም ገደማ ይሰጣል። ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም የመለኪያ ሥርዓት በእነዚህ የተፈጥሮ ቋሚዎች ላይ ነው የቆመው፤ አንድ ቦታ ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕቃ ላይ አይደለም።

ከታች ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የላይኛው ከታችኛው ቢያንስ አራት እጥፍ የተሻለ እንዲሆን ይፈለጋል። ሕግ ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው፤ ግን በቂ ምክንያት አለው። መፈተኛው ራሱ የሚፈተነውን ያህል የሚሳሳት ከሆነ፣ ልዩነት ሲገኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

በአገራችን የዚህ ሰንሰለት ራስ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ለአራት ሲከፈል ከወጡት ተቋማት አንዱ ነው፤ አንዱ ደረጃ ያወጣል፣ አንዱ ምርት ይፈትሻል፣ አንዱ ልክ ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ላቦራቶሪዎች ብቁ መሆናቸውን ይመሰክራል። የመጨረሻው ዛሬ የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ይባላል። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። ልክ ጠባቂው መሣሪያችሁን ይለካል፤ አክሬዲቴሽን ሰጪው ግን መሣሪያ አይነካም፣ የሚመረምረው ለኪዎቹን ነው። የሚመረምርበት መስፈርት አይኤስኦ 17025 ይባላል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2017 እ.ኤ.አ. እትሙ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ቴስተሩ ርካሽ መሆኑ ሥራውን አያረክሰውም። ነገሩን የሚያወሳስበው ይሄ ነው። ቮልትም ኦምም አምፔርም አደባልቆ የሚሰጥ ደኅና ካሊብሬተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ እሱም በየጊዜው ለራሱ ካሊብሬሽን መላክ አለበት፣ አንዳንዴም በውጭ ምንዛሪ። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ 23 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፤ መብራት ሲሄድም ጭምር። ከሁሉ በላይ ግን የሰው ጊዜ ነው። ውድ የጠረጴዛ መለኪያ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ሌሊቱን ብቻውን ሊለካ ይችላል። የእጅ ቴስተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኝበት ቀዳዳ የለውም፤ አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ማዞሪያውን እያዞረ፣ ስክሪኑን እያነበበ፣ እያንዳንዱን ነጥብ በእጁ ይጽፋል። ቮልት ብቻ አምስት ሬንጅ (የመለኪያ ክልል) ካለው፣ በየሬንጁ ሁለት ሦስት ነጥብ፣ ከዚያ ኤሲው፣ ከዚያ ኦሙ፣ አርባ ነጥብ መድረስ ቀላል ነው። ለታይዋኑ ቴስተር የሚጠፋው ጊዜ ፍሉክ ለተባለው ታዋቂና ውድ ብራንድ ከሚጠፋው ብዙም አያንስም።

ዋጋውን መቀነሻ አንድ ሐቀኛ መንገድ አለ፦ የማትጠቀሙበትን አለማስለካት። ሥራችሁ ባትሪና ቻርጀር ከሆነ ዲሲ ቮልትና ዲሲ አምፔር ብቻ ይለካልኝ ማለት ትችላላችሁ። ላቦራቶሪው ይህን ወረቀቱ ላይም ስቲከሩ ላይም መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ነገ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ዕቃ አንስቶ ባልተለካው ኤሲ ሊተማመንበት ነው። ሐቀኛ ያልሆነውን መንገድ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አርባ ነጥብ እለካለሁ ብሎ ሃያ መሣሪያ ጠዋት ተረክቦ ከሰዓት የሚመልስ ሰው ስቲከር ሸጠ እንጂ አልለካም።

እንግዲህ ወረቀቱን እንዴት እናንብበው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማኅተሙንና አርማውን ነው። እኔ ከሠንጠረዡ እጀምራለሁ። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የፍሉክ 87 አምስተኛው ሞዴል ዲሲ ላይ የሚሰጠው ዋስትና የንባቡ 0.05 በመቶ ሲደመር የመጨረሻዋ አሃዝ አንድ ነው። 10 ቮልት ሲሰጠው በ60 ቮልት ሬንጅ 10.00 ብሎ ያነባል፤ ወሰኑ 0.005 ሲደመር 0.01፣ ማለትም 0.015 ቮልት ነው። 10.01 ካነበበ ያልፋል፤ 10.02 ካነበበ ወድቋል። እስከዚህ ቀላል ነው። ከጎኑ ግን አንድ ሌላ ዓምድ መኖር አለበት፤ ላቦራቶሪው በራሱ ልኬት ላይ ያለው ጥርጣሬ፣ ባለሙያዎቹ አንሰርተንቲ የሚሉት። ብዙውን ጊዜ በ95 በመቶ መተማመን ይጻፋል። ይህ ዓምድ የሌለው ወረቀት "ለክተነዋል፣ ደኅና ነው" ከሚል ደብዳቤ ብዙም አይለይም።

ዓምዱ ኖሮም ውሸት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ማንም ሰው ሊይዘው የሚችል ነገር አለ። ስክሪኑ ከ0.01 ቮልት በታች የማያሳይ መሣሪያ 10.01 ሲል እውነተኛው ንባብ ከ10.005 እስከ 10.015 የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዚያ ነጥብ የሚጻፈው ጥርጣሬ፣ ካሊብሬተሩ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን፣ ከግማሽ አሃዝ፣ ከ0.005 ቮልት ገደማ ብዙም ሊወርድ አይችልም። 0.0001 ቮልት ብሎ የጻፈ ካያችሁ፣ የራሱን ካሊብሬተር ወረቀት ገልብጦ የናንተ ላይ ለጥፎታል። ሁሉም ነጥብ ላይ 10.00፣ 100.0፣ 1.000 እያለ አንድም ሳይዛነፍ የሚሄድ የርካሽ ቴስተር ሠንጠረዥም ያጠራጥራል። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ንባባቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ነገሩ አልቋል። የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የተለካበት ቀን፣ በዚያን ሰዓት የነበረው ሙቀት፣ የተጠቀሙበት መለኪያና የእሱ ሰንሰለት አለመጻፋቸው ደግሞ ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው።

አርማውን በተመለከተ፣ አክሬዲቴሽን ለላቦራቶሪው በደፈናው አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለተዘረዘሩ ልኬቶች ነው። ሚዛንና ቴርሞሜትር ለመለካት ዕውቅና ያገኘ ቤት ኤሌክትሪክ ላይ ምንም ላይኖረው ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የዕውቅናውን ዝርዝር ጠይቁ፤ "ዲሲ ቮልት፣ ከዚህ እስከዚህ፣ በዚህ ጥርጣሬ" የሚል መስመር ካላገኛችሁ አርማው የሌላ ሥራ አርማ ነው። ከኢንተርኔት የሚገዙ ዕቃዎች ካርቶን ላይ ልኩ ከአሜሪካው የመለኪያ ተቋም ከኒስት ጋር የተሳሰረ ነው የሚል ጽሑፍም ታገኛላችሁ። ኒስት ራሱ ይህን አባባል አያረጋግጥም፤ ማሳየት ያለበት ሻጩ፣ መመርመር ያለበት ገዢው ነው ብሎ በግልጽ አስቀምጧል።

ስቲከሩ ላይ ያለው "ቀጣይ ካሊብሬሽን" የሚል ቀንም እንደ መድኃኒት ማብቂያ ቀን ይታያል። አይደለም። በአይኤስኦ 17025 መሠረት ላቦራቶሪው፣ ደንበኛው ካልተስማማ በቀር፣ ወረቀቱም ላይ ሆነ ስቲከሩ ላይ የሚቀጥለውን ጊዜ መምከር የለበትም። ጊዜውን የሚወስነው የመሣሪያው ባለቤት ነው፤ አንድ ዓመት ልማድ ነው። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያልተነቃነቀ መሣሪያ ሊራዘምለት ይችላል፤ ከጣሪያ ላይ የወደቀ ግን በማግስቱ መሄድ አለበት። ነገሩ የሚያስቀው፣ ደንበኛው ራሱ "ቀን ካልተጻፈበት ኦዲተሩ አይቀበለኝም" ብሎ መለመኑ ነው።

በነፃ ንግድ ቀጠናውም ሆነ በሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ የጥራት ሥርዓት ያላቸው ድርጅቶች ወረቀቱን ለኦዲት ይፈልጉታል፤ ሆስፒታልም እንዲሁ ግድ አለበት። ጥገና ቤት ለከፈተው ሰው ግን እውነተኛው ጥያቄ "ያስፈልገኛል ወይ?" ነው። መልሱ የሚገኘው ውሳኔያችሁ ከድንበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በማየት ነው። የቤት መስመር ኢንሱሌሽን፣ ማለትም የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ አለማሳለፉን፣ ሜገር በሚባለው መለኪያ ስትለኩ በ500 ቮልት ፈተና ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይፈለጋል። ጤነኛ መስመር ግን በመቶዎች ሜጋ ኦም ያነባል። ሜገሩ ሃያ በመቶ ቢዋሽ እንኳ 200 እና 1 አይምታቱም። የሊቲየም ሴል መሙያ ላይ ግን 4.20 ቮልት ከሆነ በኋላ ያለው ቦታ በመቶኛ ቮልቶች የሚቆጠር ነው፤ እዚያ ላይ ግማሽ በመቶ ስህተት የባትሪውን ዕድሜ ይበላል፣ ሲብስም ያቃጥላል።

በሁለቱ መካከል ያለው የባጃጅ ባትሪ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከባጃጅ ማምለጥ የለም። አርፎ የቆየ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም ትንሽ በላይ ካለ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ገደማ። ዲቲ 830 የሚባለው የታወቀው ርካሽ ቴስተር ለዚህ ሬንጅ የሚሰጠው ዋስትና 0.5 በመቶ ሲደመር ሁለት አሃዝ ነው፤ 12 ቮልት ላይ 0.08 ቮልት ይመጣል። 12.30 ካነበበ እውነቱ ከ12.22 እስከ 12.38 ነው። ደኅና፣ ይኬዳል።

ይኬዳል የሚባለው ግን 23 ዲግሪ ላይ ላለ ሰው ነው። አምራቾች የሚጽፉት ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የወሰኑን አንድ አሥረኛ ጨምሩ የሚሉ የእጅ መለኪያዎች ብዙ ናቸው። በሰኔ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ 38 ዲግሪ ላይ የሚሠራ የሳቢያን ሰፈር ጠጋኝ ከ28 በላይ አሥር ዲግሪ አለው፤ ወሰኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ርካሹ ቴስተር በዚህ ሒሳብ ቢሄድ 12.30 ያለው ንባብ ከ12.14 እስከ 12.46 ይሰፋል፤ ከግማሽ በታች ወይም ከሦስት አራተኛ በላይ። በሌላ አነጋገር፣ አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተለካ ወረቀት ድሬዳዋ ሲደርስ በራሱ ሙሉ አይደለም። የጥዋቱን ቅዝቃዜ ለጥንቃቄ ሥራ ማስቀደም ከየትኛውም ስቲከር ይሻላል፤ ነፃም ነው።

ነፃ ከሆኑት ነገሮች ሌላው የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ነው። ርካሾቹ ላይ 9 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም ውስጣዊው ማመሳከሪያ ቮልቴጅ አብሮ ይወርዳል፤ ስክሪኑ ግን በተቃራኒው ከፍ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል። የደከመ ባትሪ ያለው ቴስተር ባዶ ባትሪን ሙሉ ነው ሲል ጠጋኙ "ካሊብሬሽኑ ጠፋበት" ይላል። መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይር። የሚለኩበትን ገመድ ጫፎችም አጋጥሞ በኦም ይይ፤ ከጥቂት የኦም ክፍልፋይ በላይ ካሳየ ችግሩ ከገመዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ካሊብሬሽን ቁጥሩ ልክ ነው ይላል እንጂ መሣሪያው እጃችሁ ላይ አይፈነዳም አይልም። ላዩ ላይ ለፋብሪካ ሦስት ፌዝ መስመር እሆናለሁ የሚል ምልክት ያለበት፣ ውስጡ ግን የማይረባ ፊውዝ የተቀመጠበት ቴስተር 400 ቮልትን በትክክል አንብቦ ሊገድል ይችላል።

ገንዘቡን በአግባቡ ማውጣት ለሚፈልግ፣ በተለይ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚልክ፣ እኔ የምመክረው በኅብረት መሥራትን ነው። አምስት ስድስት ጥገና ቤቶች በዕቁብም ሆነ በመዋጮ አንድ ደኅና መለኪያ ይግዙ፤ እሱ ብቻ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ይለካ። ለዕለት ሥራ አይውጣ። በየወሩ ሁሉም ቴስተሩን ይዞ ይምጣና ከአንድ ምንጭ ላይ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ይለካ። ምንጩ ዋጋው ቀላል የሆነ ኤዲ 584 የሚባለው የማመሳከሪያ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፤ 2.5፣ 5፣ 7.5 እና 10 ቮልት ያወጣል። ከሰሌዳው ጋር በእጅ የተጻፈ ቁጥር የያዘች ወረቀት ትመጣለች፤ በምን መሣሪያ እንደተለካ ስለማይታወቅ አትመኗት። የሚፈለገው ሰሌዳው እውነተኛ 10 ቮልት መስጠቱ ሳይሆን ሳይወዛወዝ መቆየቱ ነው፤ ልኩን የሚናገረው የጋራው መለኪያ ነው።

 

የጋራው መለኪያ ለካሊብሬሽን ከመሄዱ በፊት ሰሌዳውን ይለካና ይጻፍ፤ ሲመለስም ያንኑ ሰሌዳ በዚያው የቀን ሰዓት እንደገና ይለካ። ላቦራቶሪው አላስተካከልኩም ብሎ ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ መሣሪያው የተነካው እዚያ ነው ወይም መንገድ ላይ ነው፤ ስልክ ደውሎ ለመጠየቅ በእጃችሁ ማስረጃ አለ። መዝገቡ ተራ ደብተር ይበቃዋል፦ ቀኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የጋራው መለኪያ ያነበበው፣ የእያንዳንዱ ቤት ቴስተር ያነበበው፣ ባትሪው የተቀየረበት ቀን። ዓመት ሲሞላ የትኛው ቴስተር ጸንቶ እንደቆየ፣ የትኛው እየሸሸ እንደሆነ ከደብተሩ ይነበባል፤ የሚቀጥለው የካሊብሬሽን ገንዘብ ለየትኛው ዕቃ መውጣት እንዳለበትም እንዲሁ።